በቀትር የመጣችው ሴት

ፋኖሱን ትንሽ ዝቅ አድርጉትና ጠጋ ጠጋ በሉ። አሁን ስሙኝ።

የመንፈስ ነገር ሲነሳ ሁላችሁም እኩለ ሌሊት ትላላችሁ። ይኼኛው ግን የሆነው በቀትር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ውሻ እንኳ መጮኽ ሲታክተው፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ጋደም ሲል። ያኔ መንገድ ላይ ማን ይኖራል? ማንም። የድሮ ሰዎች በቀትር ወንዝ አትውረዱ የሚሉት ለምን መሰላችሁ?

ቆየት ያለ ነገር ነው። ጦርነት ያፈናቀለው ሕዝብ አንድ ሜዳ ላይ በድንኳን ሰፍሮ ነበር። ከሜዳው በታች የደረቀ ወንዝ አለ፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ጭር ያለ ቀጭን መንገድ። ይህን ሕዝብ በበጎ ፈቃድ ሊያገለግል ከከተማ የመጣ ውብሸት የሚባል ነርስ ነበር። ደግ ልጅ ነው፤ ምሳውን ትቶ የሚሠራ። ግን አንድ ነገር አበላሸው። ምን? ጥርጣሬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለከሱ ሕፃናት በእሽግ የሚመጣ የለውዝ ምግብ አለ። እሱን ለመስጠት የልጁ ክንድ ቀለም በተቀባ ጥብጣብ ይለካል፤ ቀይ ላይ ከቆመ ልጁ አደጋ ላይ ነው፣ ይሰጠዋል። ታዲያ የራበው ሰው ምን አያደርግም? አንዳንዷ የጎረቤቷን ከሲታ ልጅ ተውሳ ታስለካለች። ውብሸት ይህን ደረሰበት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ሌባ መሰለው። እሽጉ ጥቂት ነው፤ ለዋሸ ከሰጠሁ ያልዋሸው ልጅ ይሞትብኛል ብሎ ይጨነቃል። እውነቱን ነው፣ አልፈርድበትም።

አንድ ቀን በቀትር ብቻውን ሳለ አንዲት ሴት ድንኳኑ በር ላይ ቆመች። አፍና አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍናለች።

«ዶክተር፣ ልጄ ከወንዙ ማዶ ተኝቷል። የሚበላ ይስጡልኝ።»

«አምጪውና ልለካው።»

«መሸከም አልችልም።»

ልጇን መሸከም የሚያቅታት እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱም አላየም። «ሳልለካ አልሰጥም» አላት። ሄደች።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት መጣች። ያው ነጠላ፣ ያው ቃል። ውኃ ሰጣት፤ አልጠጣችም። በዚያ ሁሉ ሙቀት ግንባሯ ላይ ጠብታ ላብ የለም። ውብሸት ምን አለ? መንፈስ ናት አለ? የት አባቱ። «ይቺ ዓይን ያወጣች ውሸታም ናት» አለ በልቡ። «ለምንድን ነው ሰው በሌለበት ሰዓት የምትመጣው?» አሁንም ከለከላት።

ይህን ለዘበኛው ለጋሽ ደምለው ሲያወራላቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ ከማዶ የሰፈረ ሰው የለም። ሰዉ ሲሸሽ የመጣው በዚያ መንገድ ነው፤ የቀረውም እዚያው ቀርቷል። ይቺን ሴት ብቻህን እንዳትከተላት። ከሄድክ አብሬህ ልሂድ።»

«እሺ ጋሼ» አላቸው። በሆዱ ግን «አሃ፣ እሳቸውም ከሷ ጋር ናቸው፤ ልይዛት ስል ሊያስመልጧት ነው» አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ውብሸት ግን ጠርጥሮ ነው የተመነጠረው።

በሦስተኛው ቀን ስትመጣ «ምሪኝ» አላት። ጥብጣቡንና አንድ እሽግ ኪሱ ከቶ፣ ለማንም ሳይናገር ተከተላት።

ወንዙን ተሻገሩ። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። የሱ ኮቴ ይሰማል፤ የሷ አይሰማም። ባዶ እግሯን ስለሆነች ነው አለ። አሸዋው ግን ጫማ አልፎ ያቃጥላል፤ እሷን እንዴት አላቃጠላትም? ለምዳው ነው አለ።

«ሩቅ ነው?»

«ቅርብ ነው።»

ሄዱ፣ ሄዱ፣ ሄዱ።

«ሩቅ ነው?»

«ቅርብ ነው።»

ጥላዋን አላየም ወይ ትሉኛላችሁ። በቀትር የማን ጥላ ይታያል? ግን ፀሐይዋ ቀስ እያለች ዘመም አለች፤ ጥላም ከእግር ሥር ወጣ ማለት ጀመረ። ውብሸት መሬቱን አየ። የሚሄዱት ሁለት ናቸው። ጥላው አንድ ነው።

ልሩጥ አለ፤ ወዴት ይሩጥ? በዚህ መሀል የሕፃን ልቅሶ ሰማ። ሊቋረጥ የደረሰ፣ ቀጭን ልቅሶ። ፈርቷል፣ ክፉኛ ፈርቷል፤ ነርስ ነውና እግሩ ወደ ልቅሶው ወሰደው።

ከአንድ ግራር ሥር አንዲት ሴት ተጋድማለች። አፍና አፍንጫዋ በነጠላ ተሸፍኗል። ከሞተች ሰንብታለች። ደረቷ ላይ አንድ ሕፃን ተለጥፏል፤ ይተነፍሳል። ውብሸት ቀና ብሎ መንገዱን አየ። ማንም የለም።

ታዲያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ምግቡን ቀደደ? አልቀደደም። ልማድ ክፉ ነው፣ መጀመሪያ ጥብጣቡን አወጣ። በዚያ ምድረ በዳ፣ ሬሳ አጠገብ ተንበርክኮ ሊለካ። ጥብጣቡን በሕፃኑ ክንድ ዙሪያ አዞረው፤ በአንድ እጁ ሕፃኑን ስለደገፈ ግን ማጥበቅ አቃተው። ያኔ ከኋላው አንድ ቀዝቃዛ እጅ መጣ። የጥብጣቡን ጫፍ ያዘና ቀስ አድርጎ ሳበለት።

ቀይ።

«አሁንስ አመኑኝ፣ ዶክተር?»

ልጁ ተረፈ። ውብሸት እንዴት እንደተመለሰ ግን እሱም አያውቅም፤ ሕፃኑን ታቅፎ እየጮኸ ሲሮጥ ያገኙት ጋሽ ደምለው ናቸው። አመሻሹ ላይ ሰው ይዘው ሄደው ሴትዮዋን ቀበሯት።

እናንተም የማታውቋት ሴት ደጃችሁ ቆማ ልጄን ብትላችሁ፣ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ጎረቤት ቀስቅሱ። መሄዱን ግን ሂዱ። እንቢ ካላችኋት ነገም ትመጣለች፣ ከነገ ወዲያም ትመጣለች። በር ላይ የምትቆመው ልጁ እስካለ ድረስ ነው። ልጁ ከሞተ ትገባለች።