ያልተለካው አየር

ክፉ ክፉው ቀድሞ የሚታየኝ ሴት ነኝ። ስልክ ሲጮህ መርዶ ይመስለኛል። ልጄ ከሥራ አሥር ደቂቃ ከዘገየች መኪና የገጫት ይመስለኛል። ከቤት ስወጣ የምድጃውን ማጥፊያ ሦስት ጊዜ እነካለሁ። ብትስቁብኝ አልቀየምም። ግን ይህን ያህል የምፈራ ሰው መፍራት የሚገባኝን አንድ ነገር ሳልፈራ እንዴት እንደቀረሁ ስሙኝ።

ልጄ በአንድ የምግብ ዘይት ፋብሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ኃላፊ ነበረች። ወደዚያ ቦታ የሄደችው ከዕቃ ግምጃ ቤት ነው። የቀድሞው ኃላፊ ሲለቅ ሥራ አስኪያጁ ጠራትና፣ ጠንቃቃ ልጅ ነሽ ብሎ ቢጫ ሰደርያ ሰጣት። የሙያ ብቃት ማረጋገጫውን ቀስ ብለሽ ታወጪያለሽ አላት። ማረጋገጫው የስድስት ወር ትምህርት አለው፣ ከባድ ፈተናም አለው። ሠራተኞቹ ግን ከዚያው ዕለት ጀምሮ "ሴፍቲ" ይሏት ጀመር። ለእነሱ ሰደርያው በቅቷቸዋል።

ሁለት ጊዜ ለመመዝገብ ተነሳች። ሁለቱንም ጊዜ ያስቀረኋት እኔ ነኝ።

"ብትወድቂስ?" አልኳት። "አሁን ማንም ምንም አላለሽም። ወደቀች ከተባለ ግን ወንበሩን ለሌላ ነው የሚሰጡት።"

"እማ፣ የማላውቀው ብዙ ነገር አለ እኮ።"

"እየሠራሽ ትለምጂዋለሽ። ሁሉን አውቆ የተቀመጠ ማን አለ?"

አላመነችኝም። ግን እኔ ስጨነቅ ማየት አትችልምና የመመዝገቢያ ፎርሙን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

በፋብሪካው ግቢ ከመሬት በታች የተሠራ የዝቃጭ ታንክ አለ። ከዘይቱ ማጣሪያ የሚወርደው አተላ እዚያ ይጠራቀማል፤ በየጊዜው ሰው በመሰላል ወርዶ በአካፋ ይጠርገዋል። ሰው ከመውረዱ በፊት ግን የታንኩ አየር በመሣሪያ መለካት፣ ቁጥሩ በፈቃድ ወረቀት ላይ መጻፍ፣ ልጄም መፈረም ነበረባት። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ፎርማኑ፣ ደግሞ መጠበቅ አይወድም። ሴፍቲ እስክትመጣ ግማሽ ቀን ሄደብን እያለ ሲነጫነጭባት ጊዜ፣ ወረቀቶቹን አስቀድማ ሞልታና ፈርማ ትሰጠው ጀመር።

የምትሞላው ቤት ይዛ እየመጣች ነው። የእጅ ጽሑፌ ያምራል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ የክፍላችንን ማስታወቂያ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። እሁድ ከሰዓት በምግብ ጠረጴዛችን ላይ እቀመጥና "የኦክስጅን መጠን" በሚለው ሳጥን ውስጥ ሃያ ነጥብ ዘጠኝ፣ ሃያ ነጥብ ዘጠኝ እያልኩ የወሩን እሞላላታለሁ። ጤነኛ አየር ማለት ያ ነው ብላኛለች። ልጄን ያገዝኩ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። የመለኪያው ባትሪ ካለቀ ሁለት ወር ሆኖት ነበር፤ እኔ አልጠየቅኩም፣ እሷም አልጨነቃትም። ሰው ሲወርድ ሲወጣ ኖሮ ምን ሆነ?

ታንኩን የሚጠርገውን ሰው "ሬዲዮ" ይሉታል፤ አፉ አይዘጋም። አካፋውን ይዞ ከታች እያወራ፣ ከላይ የአተላውን ባልዲ በገመድ የሚስበውን ጓደኛውን ሲያስቅ ይውላል። ልጄንም "ሴፍቲዬ፣ ባል ስታገቢ እሱንም በፈቃድ ወረቀት ነው የምታስገቢው?" ይላት ነበር።

ፋብሪካው ለጥገና አሥር ቀን ተዘግቶ ከረመ። አተላው በሙቀት፣ ክዳኑ እንደተዘጋ እየበሰበሰ የታንኩን ኦክስጅን ሲበላ ሰነበተ። በተከፈተበት ጠዋት ፎርማኑ ከኪሱ ወረቀት አወጣ፤ ሃያ ነጥብ ዘጠኝ ይላል። ሬዲዮ ወረደ። ጓደኛው ወሬው ድንገት ሲቋረጥበት ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ ሰውየው በአተላው ላይ በጎኑ ወድቋል። ሊያወጣው ሁለት ደረጃ እንደወረደ ራሱን አዞረውና እንደምንም ተመለሰ።

ልጄ ሮጣ ስትደርስ ሠራተኞቹ ታንኩን ከብበው ቆመዋል። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። "ምን እናድርግ ሴፍቲ?" አሏት። በዚህች ምድር ላይ ያን ጥያቄ እንድትመልስ የተቀመጠችው እሷ ነበረች፤ እሷ ግን አታውቀውም። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የአየር ሲሊንደር በጀርባቸው አዝለው ወርደው እስኪያወጡት ድረስ ቆማ አለቀሰች።

ሬዲዮ አልሞተም። አየር አጥሮት የቆየው አእምሮው ግን ተጎዳ። አሁን ማንኪያ ለማለት "ያ... የሚበላበት" ይላል።

መርማሪዎች መጡ። ወረቀቶቹን አገላብጠው ጽሑፉ የማን ነው ሲሏት "የእኔ ነው" አለች። ከሥራ ታገደች። በማግስቱ ሬዲዮን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድኩ። ሚስቱ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ሾርባ ታጎርሰዋለች። ለእኔ ወንበር አቀረበችልኝ።

"እትዬ፣ እኔን የገረመኝ ያ ወረቀት ነው" አለች። "ቁጥር ተጽፎበታል አሉኝ። ማን ለክቶ ነው የጻፈው?"

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ልጄም ተሸክማልኛለች።

"ማንም አልለካውም" አልኳት። "የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቤቴ ቁጭ ብዬ።"

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጮኸችም።

"በየጠዋቱ ስሸኘው፣ እዚያ የሚጠብቅልኝ ሰው አለ እል ነበር" አለችና ፊቷን ወደ ሾርባው መለሰች።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ መርማሪዎቹ ዘንድ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። ቤቴ ስደርስ የታጠፈውን ፎርም ከመሳቢያው አውጥቼ ልጄ ፊት አስቀመጥኩት። አየችውና "ብወድቅስ?" አለችኝ፤ የገዛ ቃሌ ነው።

"ፈተና ላይ ብትወድቂ አንቺ ብቻ ነሽ የምትወድቂው" አልኳት።

ስድስት ወር ተምራ ተፈተነች፤ እውነትም ወደቀች። ለዓመታት ስፈራው የኖርኩት ነገር መጣ። ውጤቱን ሰማን፣ ሻይ ጠጣን፣ መጽሐፏን መልሳ ከፈተች። በቃ ይኸው ነው። ፋብሪካው ማረጋገጫ ያለው ኃላፊ ቀጥሮ እሷ ወደ ግምጃ ቤቷ ተመልሳለች፤ በትክክል አደረጉ። እናንተ ሥራ አስኪያጆች፣ የሰው ነፍስ የሚጠበቅበትን ወንበር ጠባዩን ስለወደዳችሁት ብቻ ለማንም አትስጡ፤ ሙያውን ተምሮ፣ ተፈትኖ መምጣቱን ጠይቁ። ወላጆችም ልጃችሁን ከውድቀት ላድን ብላችሁ ከዕውቀት አታስቀሩ። እኔ ልጄ እንዳታፍር ፈራሁ፤ ታንኩ ውስጥ የሚወርደውን ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ አልፈራሁለትም።

አሁን በየቅዳሜው ሬዲዮ ቤት እንሄዳለን። ሐኪሙ ጮክ ብሎ ማንበብ ምላሱን ያፍታታዋል ስላለ፣ የልጄን የፈተና ጥያቄዎች የሚያነብላት እሱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ ጀመረ።

"ሰው... ታንክ ከመግባቱ በፊት... መጀመሪያ ምን..." ብሎ ቆመ። ቃሉ ጠፋበት። ልጄ አልቀደመችውም፤ ሁላችንም ጠበቅን። "...ይለካል?" አለ በመጨረሻ፤ ግንባሩ አልቦታል።

"አየሩ" አለች ልጄ።

ሚስቱ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ቀና ሳትል ጠየቀቻት።

"ማን ነው የሚለካው?"

"እኔ ራሴ" አለቻት ልጄ። "እዚያው፣ ታንኩ አፍ ላይ ቆሜ።"