የእስስቱ ፊት

ታንኳዋ ከዳር ስትላቀቅ ዝናቡ ወረደ። አጎቷ ቱምቡ ይቀዝፋል፤ ዛፊሱዋ በጣሳ ውሃ እየቀዳች ትደፋለች። ስልኳን በላስቲክ ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ሸጉጣዋለች።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከንቲባው የወንዙን ራስ ደን ለመጋዘኞቹ፣ ለእንጨት ቆራጮቹ፣ ሊሰጥ ነው። የሚያግደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ ደን እንጂ ሌላ ቦታ የማይኖር እስስት መገኘቱ በፎቶ መረጋገጡ። ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ የከበቡት ጌቶች «አንድ እንሽላሊት ለማን ይጠቅማል?» ብለው ሲስቁ የጠጡት ውሃ ከዚያው ደን የወረደ ነበር። ሐፍረት ግን ከውሃ ጋር አይጠጣም!

ፎቶማ ነበራት። ዋና ከተማ ላሉት ተመራማሪ፣ ለዶክተር ላንቱ፣ ልካላቸው ነበር። «ልጄ፣ ይኼ ጅራት ነው» አሏት በስልክ። «ማዳጋስካር ሙሉ የእስስት ጅራት ነው። አፍንጫውን አምጪልኝ።»

በመንደሯ እስስትን ፊት ለፊት ማየት ክልክል ነው። ዓይኑ ዓይንሽን ካገኘ ዕድልሽን ይዞት ይሄዳል ይባላል። ስለዚህ ሁሉንም ያነሳችው ከኋላ ነው። የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ ያም ሆኖ!

«አጎቴ፣ ግንዱ!»

ግንዱ አፉን ከፈተ። አዞ ነበር። ቱምቡ መቅዘፊያውን መንጋጋው ውስጥ ሰነቀረና በእጁ ውሃውን እየገፋ ታንኳዋን ዳር ካለው ድንጋይ ላይ አወጣት። ሁለቱም በደረታቸው ወደ ዳር ተሳቡ። መቅዘፊያው ሲሰበር ከኋላቸው ተሰማ።

«መቅዘፊያዬን በላው!» አለ ቱምቡ እያለከለከ።

«አንተን ቢበላስ?»

«እኔማ መራራ ነኝ። መቅዘፊያው ግን አዲስ ነበር!»

ጭቃውን በጉልበታቸው እየዳኹ፣ አልቅት ከእግራቸው እየነቀሉ ሽቅብ ወጡ። ከፊታቸው የመጋዝ ድምፅ ሰሙ። ዣኦ የሚባለው የመጋዘኞቹ አለቃ ፈቃዱን ሳይጠብቅ ሥራ ጀምሯል። ሁለቱ ሠራተኞቹ አንድ ትልቅ ቀይ እንጨት ዛፍ በመጋዝ ግማሽ ድረስ በልተውታል። የታችኛው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ደግሞ፣ አፍንጫው ላይ ሰማያዊ ቀንድ የተተከለ እስስት አንድ ዓይኑን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ አዙሮ ተንጠልጥሏል።

«ቁሙ!» ጮኸች።

«ቲቸር፣ ደኑ የእኔ ሆኗል» አለ ዣኦ። «ከዚህ እስከዚያ!» ብሎ የአባቶች መቃብር ወዳለበት ተራራ ጣቱን ቀጥ አድርጎ ጠቆመ። ሠራተኞቹ ደነገጡ፤ በአገሩ ልማድ ወደ መቃብር የሚጠቁም ሰው ጣቱን ያጥፋል፣ ካላጠፈ መዓት ይወርድበታል። አንደኛው መጋዙን ለቀቀ።

«ምን ሆነሃል? ጎትት!»

«አለቃ፣ አንተ ጠቁም። እኔ ልጆች አሉኝ።»

የተጋዘው ዛፍ ግን ተንቋቋ። ዛፊሱዋ ሮጣ ከቅርንጫፉ ሥር ቆመችና ክንዷን ዘረጋች። እስስቱ አመነታ፤ አንድ እግር፣ ሌላ እግር፤ ክንዷ ላይ ወጣ። ወደ ጎን ዘለለች። ዛፉ ከኋላዋ ምድሩን አንቀጠቀጠ።

«አጎቴ፣ ስልኩን! አንሳው!»

ቱምቡ ስልኩን ከብብቷ መዞ፣ ከላስቲኩ አውጥቶ ደገነው፤ ዓይኑን ግን ጨፍኗል።

«ዓይንህን ክፈት እንጂ!»

«ስልኩ ያያል፣ እኔ ለምን አያለሁ?»

«ጫማዬን እያነሳህ ነው!»

አንዱን ዓይኑን ከፈተ። ዛፊሱዋ ክንዷን ወደ ፊቷ አቀረበችና የፈራችውን ፊት አየችው። ቀንዱ፣ ከራሱ ኋላ እንደ ቅጠል የተዘረጋው ቆዳ፣ የሚሽከረከረው ዓይን። ዕድሏን አልወሰደም። እስስቱም እሷን እየመረመራት ነበር።

እስስቱን ሌላ ዛፍ ላይ አስቀምጣ፣ ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ወጥታ ፎቶውን ላከች። ስልኳ ወዲያው ጮኸ።

«የት ነሽ? አትንቀሳቀሺ! አይ፣ ተንቀሳቀሺ፣ ሂጂ ከንቲባው ጋ!» አሉ ዶክተር ላንቱ። «ዝርያው ጠፋ ብለን አልቅሰንለት ነበር። ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጊኝ፣ እኔ እነግረዋለሁ!»

ማዘጋጃ ቤት ስትደርስ ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገቻቸው። ጌቶቹ አንገታቸውን ወደ ስልኩ አስግገው ሰሙ፤ በእንሽላሊቱ የሳቀ አልነበረም። ከንቲባው እስክሪብቶውን ከደነና ፈቃዱን ሊቀበል የመጣውን ዣኦን «የምትለቀው ደን ከየት እስከ የት ነው? አሳየን» አለው።

ዣኦ በመስኮቱ ወደ ተራራው ተመለከተ። እጁን አነሳና፣ ጣቱን አጥፎ ጠቆመ።