አራተኛው ብርጭቆ በቆሎ

«አንድ ብርጭቆ ጨምሪልኝ» አለች ኢሊሊ፣ ዓይኗን ከካርቶኑ ሳትነቅል።

ሲሃም የሻይ ብርጭቆውን ይዛ ከጓዳ ወደ ሱቁ ወጣች። አባቷ ሙራድ መቱ ገበያ ጥግ ላይ እህል ይነግዳል። ሁለቱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ከጠዋት ጀምሮ የሱቁን ጓዳ ይዘው፣ ነገ በትምህርት ቤታቸው አውደ ርዕይ ላይ የሚቀርብ ፖስተር እየሠሩ ነው። ሐሳቡ የሲሃም ነበር። የዓለምን የእህል አቅርቦትና ፍላጎት ቁጥር ደርድሮ ከማሰልቸት በሥዕል ማሳየት ይሻላል ብላ ነው። በግራ በኩል ትንሽ ጆንያ፦ እህል የሚያጥራቸው አገሮች የሚያመርቱት። በቀኝ በኩል ትልቅ ጆንያ፦ የሚያስፈልጋቸው። መምህር ቢኒያም በሰጧቸው ሰንጠረዥ ላይ ፍላጎቱ የምርቱ እጥፍ ነው። ኢሊሊ በእርሳስ ነደፈችው፤ ከዚያ ቀለም ከምንቀባ እውነተኛ በቆሎ ፍሬ በፍሬ በኮላ እንለጥፍበት አለች። መምህሩ ንድፉን ወደውት ልክ ከበሩ ፊት ለፊት እንዲሰቀል ወስነዋል።

ሙራድ ሚዛኑን እየጠረገ ልጁ ከጆንያው ስትዘግን አያት።

«ደግሞ መጣሽ? ጓዳ ውስጥ ዶሮ ታረባላችሁ እንዴ?»

«ለትልቁ ጆንያ ነው አባዬ። አልሞላ አለን።»

«ትንሹ ስንት ፈጀ?»

«አንድ ብርጭቆ።»

«ትልቁስ?»

«ይሄ አራተኛው ነው።»

«የትንሹ እጥፍ ነው ብለሽኝ አልነበር?»

«እጥፍ ነው።»

«እኛ ሱቅ እጥፍ ማለት ሁለት ነው» አለ ሙራድ ፈገግ ብሎ። «እናንተ ትምህርት ቤት ጨምሮ ይሆናል።» ደንበኛ ስለገባ ወደዚያው ዞረ።

ሲሃም ተመልሳ ማስመሪያውን አነሳች። ትንሹ ጆንያ ቁመቱ ሃያ፣ ወርዱ አሥራ አምስት። ትልቁ ቁመቱ አርባ፣ ወርዱ ሠላሳ። «ሁሉንም እጥፍ አድርጊው» ያለችው ራሷ ነበረች። ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ወርዱም እጥፍ ሆነ፤ ትልቁ ጆንያ አሁን ትንሹን ሁለት ሳይሆን አራት ጊዜ ይውጠዋል።

ኢሊሊን አየቻት። የጣቶቿ ጫፍ ኮላ ደርቆበት ነጭ ሆኗል። መቱ ቤት ተከራይታ የምትማረው ብቻዋን ነው። ነገ እናቷ የመጀመሪያውን መኪና ይዘው ከኡካ ይመጣሉ፤ የልጃቸውን ትምህርት ቤት ገና ማየታቸው ነው። ዝም ብትልስ? ሦስቱ ብርጭቆ ተለጥፎ አልቋል፤ የቀረው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ማስመሪያውን አስቀመጠችው። መልሳ አነሳችው።

«ኢሊሊ፣ ተሳስተናል። ማለቴ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

«ማል? ምኑን?»

ሲሃም እየለካች አሳየቻት። ኢሊሊ እስከ መጨረሻው ከሰማች በኋላ ብርጭቆውን ተቀብላት ሥራዋን ቀጠለች።

«አቦ ተይኝ። ቁጥሩ ከሥሩ ተጽፏል አይደል? ማነው ነገ ብርጭቆ ይዞ የሚመጣው?»

«ቁጥሩን ማን ያነበዋል? ሥዕሉን ዓይቶ ነው የሚያልፈው። ለዚያ አይደል የሳልነው?»

«መምህር ቢኒያም ስህተቱን አላዩትም።»

«አባዬ ግን አየው።»

«ጋሼ ሙራድማ ሲሸጡት የኖሩት ነገር ነው። እህል የለመደ ዓይንና የሌላው ሰው…»

ኢሊሊ አልጨረሰችውም። በጣቷ የያዘችውን ፍሬ አገላብጣ አየችው።

«አዮም ታየዋለች» አለች ቀስ ብላ፣ እናቷን አስባ። «ኡካ ገበያ ላይ በቆሎ ስትሸጥ ጆንያውን በሩቁ አይታ ነው ይህን ያህል ይወጣዋል የምትለው። ተሳስታ አታውቅም። ነገ ፊቱ ቆማ ‹ልጄ፣ ይሄ እጥፍ ነው?› ትለኛለች።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ትልቁ ጆንያ ተመለሰ።

«አባዬ ጋ እጥፍ የፈለገ ሰው ትልቅ ጆንያ አይሰፋለትም» አለች ሲሃም። «ሁለት ጆንያ ነው የሚጫንለት።»

«ሁለት እኩል ጆንያ።»

«ልክ እንደ ትንሹ።»

«ያምራል እኮ» አለች ኢሊሊ ሳትወድ በግድ። «ግን በጣም ትልቅ አይመስልም። ሰው አይደነግጥም።»

«ልኩን ያክላል።»

ኢሊሊ ተነፈሰችና እጅጌዋን ሰበሰበች። «ቶሌ፣ እሺ። መንቀሉ ያንቺ ነው፤ ‹ሁሉንም እጥፍ› ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ እስላለሁ።»

ሲሃም መጀመሪያ አራተኛውን ብርጭቆ ወደ ሱቁ ይዛ ሄደችና በቆሎውን ወደ ጆንያው መልሳ ገለበጠችው። ሙራድ አይቷት ወደ ሚዛኑ ተመለሰ። ተመልሳ ከካርቶኑ አጠገብ ተቀመጠች። ኮላው ገና በደንብ አልያዘም። የመጀመሪያውን ፍሬ በጥፍሯ ፈልቅቃ ባዶው ብርጭቆ ውስጥ ጣለችው።