ካንተ ኋላ አልቀመጥም

ሞተሩን ከድምፁ አወቅሁት። በአጎቴ ጋራዥ በር ላይ ሲቆም፣ የሞተር ቦርሳ ቆዳ የምሰፋበት መርፌ ጣቴን ወጋኝ።

የሚነዳውን፣ ፍቅረኛዬ የነበረውን፣ ከሞተር አደጋችን ሰሞን ወዲህ አይቼው አላውቅም። ክንዴ በጀሶ ታስሮ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። እኔም «ከልቤ አውጥቼዋለሁ» እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ ከረምኩ። ይኸው ልቤ እጅ ከፍንጅ ያዘኝ።

ሄልሜቱን አውልቆ ሲያየኝ ባለበት ደርቆ ቀረ።

«አንቺ... እዚህ ነው የምትሠሪው?»

«ከዳንኩ ወዲህ። ምን ፈልገህ ነው?»

ዓይኑን ወደ ሞተሩ መለሰ። ዝቅ ያለ፣ ሰፊ መሪ ያለው ያ ትልቅ ሞተር ዛሬም ያብረቀርቃል።

«ሩቅ አገር ሥራ አግኝቻለሁ። በሱ ነው የምሄደው። የጎን ቦርሳዎች፣ የንፋስ መከለያ... ደግሞ የኋላው መቀመጫ ይነሳና የዕቃ መጫኛ ይግባበት።»

የኋላው መቀመጫ። የኔ ቦታ!

«ስትመለስ መልሰን እንገጥመዋለን?» አልኩት።

«አልመለስም።»

ነገሩ የገባው አጎቴ «ሻይ ልጠጣ» ብሎ ወጣ። ሻይ አይወድም።

ሥራ ሥራ ነውና ጀመርኩ። የቀኙ ቦርሳ በጭስ ማውጫው፣ በማርሚታው፣ እንዳይቃጠል ማቀፊያ ብረቱን ወደ ውጭ ገፋ አድርጌ አሰርኩ። ግራውን ደገምኩ። የንፋስ መከለያውን አጠበቅሁ። መቀመጫው ጋ ስደርስ ግን ሌላ ሥራ እየፈለግሁ አልፈዋለሁ። እሱ ቆሞ ያየኛል። የሚያየው ክንዴን ነው።

«ያምሻል?»

«አሁን ነው የምትጠይቀኝ?»

ደሜ ፈላ። ቁልፍ አነሳሁና የመቀመጫውን አንዱን ብሎን ፈታሁ። ሌላውን ስይዝ እጄ እንቢ አለኝ።

«ለምን ጥለኸኝ ሄድክ?» አልኩት፣ ቀና ሳልል።

«እኔ? አንቺ አይደለሽ እንዴ ያባረርሽኝ?»

«ምን ብዬ?»

«‹ሁለተኛ ካንተ ኋላ አልቀመጥም› አልሽኝ። ክንድሽን የሰበርኩት እኔ... በየትኛው ዓይኔ አይቼሽ ልለምንሽ?»

ቁልፉ ከእጄ ወደቀ። ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡብኝ፤ እንባው ቀደመ።

«ኋላ አልቀመጥም አልኩ እንጂ ካንተ ጋር አልሄድም አልኩ? ያን ቀን ምን እንደመጣብን እንኳ አላየሁም። ጀርባህ መንገዱን ከልሎኝ ነበር። መንዳት አስተምረኝ ልልህ ነበር እኮ... ሳልጨርስ ወጣህ።»

«ታዲያ ለምን አልደወልሽም?»

«የሄድከው አንተ፣ የምደውለው እኔ?»

ዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር» አለ።

«ጠልቼህ ነበር። ስትሄድ።»

«አሁንስ?»

እወደዋለሁ። ይህን ለማለት ግን ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ቁልፉን ከመሬት አነሳሁ፤ የፈታሁትን ብሎን ወደ ቦታው መለስኩና አጠበቅሁት።

«አጎቴ አስተምሮኛል፣ መንጃ ፈቃድም አለኝ። ይህ መቀመጫ አይነሳም።»

«ዕቃዬስ?»

«ቦርሳ ውስጥ ያልገባውን ጥለህ ትሄዳለህ። ሰው ጥለህ ሄደህ የለ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ወዲያው ደግሞ ዓይኑ ሞላ።

«ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ?»

«አንተ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ። እዚያስ ቢሆን ቦርሳ የሚያስገጥም ሰው ይጠፋል?»

አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል።

«አጎቴ... ልሄድ ነው» አልኩት።

«ሰምቻለሁ። ልብስሽን ውሰጂ፣ ቁልፎቼን እንዳትነኪ» አለና ፊቱን አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ቦርሳ የተገጠመለት ሞተር ሳይሞከር ከጋራዣችን አይወጣም። ፊት ተቀመጥኩ። እሱ ኋላ ወጥቶ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው።

«የት ልያዝ?»

«ያዘኝ እንጂ፣ ልትወድቅ ነው እንዴ?»

ያዘኝ። ልቡ ሲመታ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጌ ለቀቅሁ። ሞተሩ ከባድ ነው፤ ግን ታዘዘኝ። መታጠፊያውን አልፈን ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ፣ በንፋሱ መሃል ጆሮዬ ሥር ጮኸ።

«ይቅር በይኝ!»

«አልሰማሁህም» አልኩት።

ሰምቼዋለሁ። ደግሞ እንዲለኝ ፈልጌ ነው።