አርባ ቁጥር ወጥመድ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ጎረቤቶቼን ጠይቁ፣ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ጅን አለ ባሉ ቁጥር ስስቅባቸው ነው የኖርኩት። ሥራዬ አይጥ መያዝ ነው፣ አትሳቁ፣ ለአጥኚዎች የበረሃ አይጥ በቆርቆሮ ሳጥን እያጠመድን፣ መዝነን፣ ቀለም ቀብተን፣ እዚያው እንለቃታለን።

ባለፈው ጅቡቲ፣ ባህሩ ዳርቻ ላይ፣ አርባ ወጥመድ ዘረጋን። አርባ ቁጥር ውስጥ ሦስት ጠዋት በተከታታይ የገባችው ያቺው አንዲት እናት ነበረች፣ ጀርባዋን ሰማያዊ የቀባሁት እኔው ነኝ። የምታጠባ ከሁሉም በፊት ትለቀቃለች፣ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠብቋት ልጆች አሉ። ይህን ያስተማሩኝ ሾፌራችን ጋሽ ሰይድ ናቸው፣ የወሎ ሰው፣ በዚህ ሥራ ያረጁ። በመጨረሻው ጠዋት ግን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ አርባ ቁጥር ደግሞ ከሁሉም ርቆ አሸዋው ጫፍ ላይ ነው፣ ሰነፍኩ፣ ሳላየው እዚያው ተውኩት። «ሁሉንም ሰበሰብክ?» አሉኝ። «ሁሉንም» አልኳቸው። ዋሸሁ፣ ይኸው ነው።

የእሳቸው መኪና ካምቢዮው ተበላሽቶ እዚያው ቀሩ፣ እኔ ዕቃውን ይዤ በሌላ መኪና ኮዬ ፈጬ ገባሁ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወጥመዶቹን በረንዳ ላይ ሳጥብ፣ እመኑኝ በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ከካርቶኑ ሥር ቆርቆሮ የሚቧጥጥ ነገር ሰማሁ። ባለቤቴ ሰብለ ከወጥ ቤት፣ «ምንድነው የሚጭረው? ደግሞ ከነነፍሱ ይዘህ መጣህ?» አለች። እሷም ሰምታለች ማለት ነው። ሠላሳ ዘጠኝ አውጥቼ ቆጠርኩ፣ ሥር አንድ ቀርቷል፣ በሩ የተዘጋ፣ እርጥብ አሸዋ የለበሰ፣ ቁጥሩ አርባ።

ለጋሽ ሰይድ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ አርባ ቁጥርን የጫኑልኝ እርስዎ ነዎት?»

በስልኩ የባህሩ ነፋስ ይሰማኛል።

«አርባ ቁጥርማ እጄ ላይ ነው» አሉ። «አሁን ነው ያገኘሁት። ያቺ ሰማያዊዋ ውስጡ ደርቃ ቀርታለች። ምነው ዋሸኸኝ ልጄ?»

አፈርኩ፣ ከፍርሃቱ ይልቅ እፍረቱ ባሰብኝ።

ሳጥኑን እስካሁን አልከፈትኩትም። ሰብለ ልጆቹን ይዛ ሳሪስ እናቷ ቤት ሄዳለች። መጀመሪያ የሚጭረው አንድ ነበር፣ ከትናንት ወዲህ ግን ብዙ ነው፣ ቀጫጭን ነው፣ ጭረቱም በር እንደሚፈልግ አይደለም፣ ጡት እንደሚፈልግ ነው።