የጎባው ተራ

የዘንቦራ ቅጥር አበቦች ሳያብቡ ሦስተኛው ዓመት ሲብት፣ ከገደሉ ሥር ግራጫ ጉም ተነሣ። ጽልመት ይባላል፤ የሕፃናትን ትንፋሽ የሚጠጣ አውሬ ነው። የሚፈራውም አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የማሪዳ አበባ ሽታ።

ማሪዳ በየዓመቱ ትደርቅና እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ራሷ ብቻ ይቀራል። ቀድሞ ይህ ራስ ወደ በረዶው ተራራ ተወስዶ ይከርም ነበር። አንድ ዓመት ግን ንግሥቲቱ «ምን በደለችና ይበርዳታል?» ብላ ከእልፍኟ ምድጃ አጠገብ አኖረቻት፤ ወተትም አጠጣቻት። ይህን የሰማ ሁሉ የደጁን ማሪዳ ወተት ያጠጣ ጀመር። ሲሉ ሰምታ ሞተች ዶሮ ታንቃ! ሁሉም በስብሰው አንዲት ራስ ብቻ ተረፈች።

ሽማግሌው አትክልተኛ አባ ከርቤ በንጉሡ ፊት ቆሙ። «ጃንሆይ፣ የገደላት ጥጋብ ነው። ሃያ አንድ ቀን በብርድና በጥም ካልከረመች አትነቃም። ከዚያ በፊት እሳት ካገኛት ግን ያለጊዜዋ ነቅታ ትሞታለች» አሉ።

ዘውዲላ ከሕዝቡ መካከል ወጣች። ጉሙ የነካት ታናሽ እኅቷ ሽቱ ትንፋሿ ከቀን ወደ ቀን እያጠረ ነበር። «የእኅቴ ትንፋሽ ሳያልቅ ማሪዳን በተራራው አክርሜ አደርሳታለሁ። ባላደርሳት የዘንቦራ አፈር አይቀበለኝ!» ብላ ማለች። ታላቅ ወንድሟ ጎባው ጦሩን አንሥቶ ተከተላት።

በተራራው ላይ ጥጃ የሚያህሉ ፍልፈሎች አሉ፤ የአበባ ራስ ከሸተታቸው በረዶውን ቦርቡረው ይደርሱበታል። ስለዚህ ወንድምና እኅት የማሪዳን ራስ ከአለት ላይ አኑረው በየተራ ጠበቋት። አንዱ ያለ እሳት ጦር ይዞ ሲቀመጥ ሌላው በአቅራቢያው ዋሻ ውስጥ እሳት አጠገብ ያርፋል። በዘጠነኛው ቀን አንድ ፍልፈል የጎባውን ጭን ዘነጠለው።

«ወንድም ጋሼ፣ ደምህ አልቆም አለ። እንመለስ» አለችው።

«ሽቱስ?» አላት።

ዘውዲላ አፈረች። ከዚያ ወዲያ ስለ መመለስ አላነሣችም።

በሃያኛው ቀን እሷ ራሷ በትኩሳት ነደደች። «ተራዬ ሲደርስ ቀስቅሰኝ፤ ማልልኝ» አለችው። ማለላት። በሕይወቱ የዋሸው ይህን አንድ ጊዜ ነው።

ፀሐይ ፊቷን ሲመታት ነቃች። ሃያ አንደኛው ቀን ነበር። ጎባው ጦሩን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል፤ ሽፋሽፍቱ ላይ በረዶ ጋግሯል። ሁለት የሞቱ ፍልፈሎች ከእግሩ ሥር ወድቀዋል። በአለቱ ላይ ያለችው ራስ ጫፏ የጤፍ ፍሬ ያህል አረንጓዴ ሆኗል። ዘውዲላ እየጮኸች ነቀነቀችው፤ ገላው በብርድ ደርቋል። ወንድሟን በድንጋይ ከድና፣ ጦሩንና አበባዋን ይዛ ወረደች።

ማሪዳ ከቅጥሩ በር በተተከለች በሦስተኛው ቀን በቀለች። ሕዝቡ እያለቀሰ የወተት ቅሉን ተሸክሞ መጣ፤ እንደዚህ ነው ሰው፣ አይማርም። ዘውዲላ ጦሩን ደቀነች። «ወንድሜን የበላች አበባ ወተት አያሻትም። ወደ ኋላ!»

አበባዋ ፈነዳች። ጉሙ እያቃሰተ ወደ ገደሉ ወረደ። ዘውዲላ ወደ ቤት ስትገባ ሽቱ ከመኝታዋ ላይ ደረቷ እስኪሞላ ተነፈሰችና ቀና ብላ በሩን አየች።

«ጋሼ ጎባውስ?»

ዘውዲላ ጦሩን ከግድግዳው አስደግፋ አጠገቧ ተቀመጠች።

«የእኔን ተራ እየጠበቀ ነው» አለቻት።