ዘይት ያልጠጣው መደገፊያ

የልጅ ልጄ ሎሬታ ልቧ ከተሰበረ ወዲህ፣ ወንድ በራችንን ባንኳኳ ቁጥር ቀድሜ የምከፍተው እኔ ነኝ። እጮኛዋ ለነዳጅ ሥራ ብሎ ወደ ሩቁ አልበርታ ሄደ፤ እዚያው ቀረ። ከእኛ ከዓሣ አጥማጆቹ ከተማ ከሉነንበርግ ወጣቱ ሁሉ ወደዚያው ነው የሚነጉደው።

ስለዚህ አናጢው ኤልዊን የድሮውን የደረጃ መደገፊያ ቀለም ሊፍቅልን ሲመጣ፣ ገና ከበሩ ሳላሳልፈው ጠየቅሁት።

«አንተስ፣ አልበርታ ትሄዳለህ?»

«ይህን እንደጨረስኩ፣ እማማ ሂልዳ። ትኬቴን ቆርጫለሁ።»

እሰይ፣ ቶሎ ይሄድልኛል አልኩ። ሎሬታ ግን መፋቂያ አንስታ ከጎኑ ቁጭ አለች።

የድሮ ቀለም መርዝ አለበትና ሁለቱንም በግድ ማስክ አስለበስኳቸው። አፋቸው ከተሸፈነ ወሬውም ይቀንሳል ብዬ ነበር። ምን ዋጋ አለው! ዓይናቸው ሥራ በዛበት። ነጩ ሲላጥ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ሲላጥ ቡናማ ይመጣል፤ እነሱ ቀና ብለው ይተያያሉ፣ ደግሞ ያቀረቅራሉ።

«ኧረ ቀስ! እንጨቱን ጫርከው።»

«አንቺ እያየሽኝ እንዴት አድርጌ ልፋቅ?»

«ማን አየህ? ጉረኛ!»

እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ እስላለሁ።

በመጨረሻ እንጨቱ ራቁቱን ወጣ፤ እንደ ዳቦ ቅርፊት የሞቀ መልክ ነበረው። ኤልዊን የመጨረሻውን ቅብ፣ የተልባ ዘይቱን ጣሳ ከፈተ። ማስካቸውን አውልቀው ሁለቱም ጣሳውን ያዩ ጀመር። የሎሬታን ፊት ሳይ ፈራሁ፤ ልጄ ዳግመኛ ልትሰበርብኝ ነው።

ድንገት ጣሳውን ከእጁ ወስዳ ከደነችው።

«አይቀባ።»

«ዘይት ካልጠጣ እኮ የእጅ እድፍ ይይዛል። ዓመት ሳይሞላው ይጠቁራል።»

«ሲጠቁር ማን ይፍቀዋል?»

ቀና ብሎ አያት። ጆሮው ቀላ።

«እኔ» አለ። «ሌላ ሰው እንዳታስነኪው።»

በማግስቱ ሄደ።

ይደውላል። እኔ ግን ስልክ አላምንም፤ ያኛው እጮኛዋም ይደውል ነበር። ሎሬታ ወደ ክፍሏ ስትወጣ መዳፏን ከእንጨቱ ላይ ሳታነሳ፣ ቀስ እያለች ነው። እኔም ከዓሣ ጀልባ የወረደ ጎረቤት እጁ እንደቆሸሸ ሽንት ቤት ፈልጎ ፎቅ ሲወጣ ከኋላው እጮሃለሁ።

«መደገፊያውን ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ትወድቃለህ!»

መጀመሪያ እጅህን ታጠብ ግን አልልም።